የዲፈረንሻል ዘይት ከተለወጠ በኋላ ስለሚሰማ ድምፅና ስለ ምርመራው

የመኪና ዘይት መለወጥ ድምፅን የሚያስወግድ እንጂ ድምፅን የሚያመጣ ሥራ አይመስልም። ይሁን እንጂ ወደ ጋራዥ በጸጥታ የገባ መኪና የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ተለውጦለት ሲወጣ፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከበስተኋላው እየተርገፈገፈ ሲያንገጫግጭ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ጥርስ ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል፤ መካኒኩም ዲፈረንሻሉ ይፈታ ይላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ደግሞ የመለዋወጫ መግዣ ገንዘብ እንዲፈቅድ ይጠየቃል። መኪናው በሽተኛ የሚያመላልስ ወይም መድኀኒት ወደ ገጠር የሚያደርስ እንደ ሆነ፣ ሥራው ለብዙ ቀን ይታጐላል።

እንዲህ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የብረት መሰበር ምልክት አይደለም፤ አዲሱ ዘይት በዲፈረንሻሉ ውስጥ ካሉት ዲስኮች ጋራ አለመስማማቱን የሚገልጽ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን በእውነት የብልሽት ምልክት ስለሚሆን በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብንም ሕይወትንም ያድናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ምርመራው መጀመር ያለበት ከመፍቻው ሳይሆን ከምክንያቱ ነው።

1ኛ/ ዲፈረንሻል የሚሠራው ሥራ

መኪና በቀጥታ መንገድ ሲሄድ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ እኩል ይዞራሉ። ሲታጠፍ ግን የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ የረዘመ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና በአንድ የመንገድ ማእዘን ላይ ሩብ ዙር ሲታጠፍ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 2 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ያህል አብልጦ ይሄዳል። ሙሉ ክብ ቢዞር ልዩነቱ ከ9 ሜትር ይበልጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአንድ ማእዘን ብቻ የውጭው ጎማ ከጓደኛው በአንድ ዙር ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ አንዱ በየመታጠፊያው መሬት መፋቅ ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን ችግር የሚያቃልለው ዲፈረንሻል ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ የዚህን መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮች ስለ ገቡበት፣ የሞተሩ ኀይል ለሁለቱም ጎማዎች ሲደርስ እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ፍጥነት ለመዞር ይችላል።

ይሁን እንጂ ተራው ዲፈረንሻል አንድ ጉድለት አለበት። አንደኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መሬት መያዝ ሲያቅተው፣ እርሱ በከንቱ ይሽከረከራል፤ በደረቅ መሬት ላይ ያለው ጓደኛውም መኪናውን ለማውጣት የሚበቃ ኀይል ስለማያገኝ ቆሞ ይቀራል። በክረምት የገጠር መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አልቀረም።

2ኛ/ መንሸራተትን የሚገታው ዲፈረንሻል

ይህን ጉድለት ለመቀነስ መንሸራተትን የሚገታ ዲፈረንሻል ተሠራ። ጋራዦች ይህንኑ በምኅጻር ኤል ኤስ ዲ ይሉታል። በ1930ዎቹ በጀርመን አገር ለእሽቅድምድም መኪናዎች ታስቦበት ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ ፓካርድ በ1956፣ ሼቭሮሌት በ1957 ለገበያ በሚያቀርቧቸው መኪናዎች ላይ አውለውታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ፒክአፖችና የመስክ መኪናዎች ላይ ይገኛል።

እጅግ የታወቀው ዐይነት በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ስስ የብረት ዲስኮች ተደራርበው ይገኙበታል። ከዲስኮቹ ግማሾቹ ከጎማው ዘንግ ጋራ፣ ግማሾቹ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋራ ተያይዘው አንዱ በሌላው መካከል እየገቡ ይደረደራሉ፤ ሞላም አጥብቆ ይጫናቸዋል። አንደኛው ጎማ ለብቻው ሊሽከረከር ሲል ዲስኮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይገቱታል፤ ኀይሉም ወደ ሌላው ጎማ ይተላለፋል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ ሁሉ የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት ስለሚለያይ፣ እነዚህ ዲስኮች ተጫጭነው እንዳሉ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለባቸው። የዚህ ትምህርት ቍልፍ ይህ ነው። ዲስኮቹ በለስላሳ ቢንሸራተቱ ድምፅ የለም፤ እየያዙ እየለቀቁ ቢንሸራተቱ ግን መኪናው ይርገፈገፋል።

ሁሉም ገቺ ዲፈረንሻል ዲስክ ያለበት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ቶርሰን የተባለውና እርሱን የመሳሰሉት የሚሠሩት በጠማማ ጥርሶች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው የዲስክ ድምፅ እነርሱን አይመለከትም።

3ኛ/ ዘይቱ ድምፅ የሚያመጣበት ምክንያት

በዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎች ተሰጥተውታል። የመጀመሪያው ትልቁን ጥርሳም ቀለበትና እርሱን የሚያዞረውን ፒኞን መጠበቅ ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች ፒኞኑ ከቀለበቱ መካከል ዝቅ ብሎ ስለ ተቀመጠ፣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ከመግፋት ሌላ በከባድ ጭነት ሥር ይፋተጋሉ። ስለዚህ ድኝና ፎስፎር ያለባቸው ቅመሞች በዘይቱ ውስጥ ይጨመራሉ፤ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸተውም ስለዚሁ ነው። በዕቃው ላይ «ኤ ፒ አይ ጂ ኤል 5» ተብሎ የተጻፈበት ዘይት ለዚህ ዐይነት ከባድ ሥራ የተመደበ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ዲስኮቹ ሳይንቀጠቀጡ እንዲንሸራተቱ ማድረግ ነው። ከባድ ሣጥን በወለል ላይ የገፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሣጥኑን ከቆመበት ማንቀሳቀስ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ከመግፋት ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህም እየቆመ እየዘለለ ይሄዳል። የዲስኮቹም ነገር እንዲሁ ነው። በተራ ዘይት ውስጥ የቆሙት ዲስኮች ሰበቃ ከሚንቀሳቀሱት ሰበቃ ይበልጣልና፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ይያያዛሉ፤ ወዲያው ይላቀቃሉ፤ ደግሞ ይያያዛሉ። ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም እንደ መንገጫገጭ ሆኖ ይሰማል። ይህን ለመከልከል የሰበቃ ማለስለሻ ቅመም በዘይቱ ውስጥ መኖር አለበት።

እንግዲህ አሮጌው ዘይት ይህ ቅመም ያለበት ሆኖ ሳለ አዲሱ የሌለበት ቢሆን፣ መኪናው በጋራዡ በር ሳይርቅ መጮኹ አያስገርምም። አዲሱ ዘይት በጥርሶቹ ዘንድ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዲስኮቹ ግን አይስማማም። አሮጌውም ዘይት ቢሆን በዘመን ብዛት ቅመሙ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ዘይቱ ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ የቆየ መኪና ይህንኑ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

4ኛ/ ድምፁን ለይቶ ማወቅ

ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ማወቅ ከግማሽ በላይ የሆነውን ምርመራ ይጨርሳል። ስለዚህ ሾፌሩና መካኒኩ አንድ ላይ ሆነው መኪናውን በጸጥተኛ ቦታ ሊነዱትና የሚከተሉትን ሊያስተውሉ ይገባል።

ሀ/ በዝግታ ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ፣ ከኋላ የሚመጣ መንገጫገጭና መርገፍገፍ፣ መኪናው ጥቂት ተጉዞ ከሞቀ በኋላ የሚብስ፣ በቀጥታ መንገድ ፈጽሞ የማይሰማ ከሆነ የዲስኮች ድምፅ ነው።

ለ/ በቀጥታ መንገድ የሚያላዝን፣ ቤንዚን ሲሰጠውና እግር ሲነሣለት ቃናው የሚለዋወጥ ከሆነ የቀለበቱና የፒኞኑ ጥርሶች ናቸው። ዘይት ከመለወጡ በፊት ሳይኖር ከተለወጠ በኋላ የመጣ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የዘይቱ ልክ ይታይ።

ሐ/ ከፍጥነቱ ጋራ እየጨመረ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ከሆነ የኩሽኔታ ድምፅ ነው። መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀለል ብሎ ሲወዛወዝ ድምፁ የሚለወጥ እንደ ሆነ፣ የጎማው ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

መ/ መኪናው ሲነሣ ወይም ማርሽ ሲለወጥ አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» የሚል ከሆነ፣ ክሮቼራው ወይም በጥርሶች መካከል የበዛ ክፍተት ነው።

ሠ/ ሲታጠፍ ከፊት በኩል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ የፊት ዘንግ መገጣጠሚያ እንጂ የኋላ ዲፈረንሻል አይደለም።

አንድ ሌላ ነገርም ብዙ ሰዎችን ያሳስታል። የፊት ጎማዎቹ ኀይል በሾፌሩ ፈቃድ የሚገባበትና የሚወጣበት የመስክ መኪና፣ የፊቱ ኀይል እንደ ገባ ተረስቶ በአስፋልት ላይ ሲታጠፍ ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል መታፈንና መርገፍገፍ ያሳያል። ስለዚህ ማናቸውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የፊቱ ኀይል መውጣቱ ይረጋገጥ። ከጭቃ መንገድ ወደ ከተማ የተመለሰ መኪና በዚህ ስሕተት ብቻ ወደ ጋራዥ ሊላክ ይችላል።

5ኛ/ ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ዘይት ገባ የሚለው ነው። ባዶው የዘይት ዕቃ ይፈለግ፤ በላዩ የተጻፈው ይነበብ፤ ከመኪናው መጽሐፍ ጋራም ይመሳከር። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ለገቺ ዲፈረንሻል የሚስማማ ዘይት ብቻ እንዲጨመር የሚያዝ ምልክት በዲፈረንሻሉ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በጭቃ የተሸፈነ እንደ ሆነ ተጠርጎ ይታይ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘይቱ የት ገባ የሚለው ነው። ከዲፈረንሻሉ አፍስሶ በስሕተት ወደ ካምቢዮ መጨመር ለማመን የሚያስቸግር ቢመስልም ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ባዶውን ነው፤ በዚህም ዐይነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢነዳ ጥርሱ ይቃጠላል።

ሦስተኛው የዘይቱ ልክ ነው። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የመሙያው ብሎን ይከፈት። በአብዛኞቹ መኪናዎች ዘይቱ የመሙያውን ቀዳዳ የታች ከንፈር መድረስ አለበት። በተዳፋት ላይ የተለካ ልክ አያስተማምንም።

አራተኛው የዘይቱ መልክ ነው። በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ጥቁር የብረት ዱቄት ቢገኝ የተለመደ ነው። በጣት የሚዳሰስ ስብርባሪ ቢገኝ ግን የብልሽት ምልክት ነው። ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም ወንዝ ተሻግረው በሚሄዱ መኪናዎች ላይ የሚታይ ነው። የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ የተደፈነ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው በዘይት ከልካዩ ጎማ በኩል ይገባል።

አምስተኛው ዲፈረንሻሉ በእርግጥ ገቺ መሆኑን ማወቅ ነው። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የፊቱ ኀይል ይውጣ፤ ካምቢዮው ባዶ ላይ ይሁን። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው መኪናው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው ወደዚያው አቅጣጫ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ገቺ ነው፤ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው፤ ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል።

ከዚህ ጋራ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ገቺ ዲፈረንሻል ያለበትን መኪና አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ ሞተሩን በማርሽ ማስኬድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በተራ ዲፈረንሻል የተነሣው ጎማ ብቻ ይዞር ይሆናል፤ በገቺው ግን መሬት ላይ ያለው ጎማ ስለሚገፋ መኪናው ከክሪኩ ላይ ዘሎ በሥሩ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል።

6ኛ/ የማስተካከያው ሥራ

የምርመራው ውጤት የዲስክ ድምፅ መሆኑን ካሳየ፣ ማስተካከያው ቀላልና በትንሽ ዋጋ የሚፈጸም ነው።

በመጀመሪያ የሰበቃ ማለስለሻው ቅመም የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው መጠን ይጨመር። በብዙ የአሜሪካ መኪናዎች የአንድ ጊዜው መጠን 4 አውንስ፣ ማለት 118 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ዲፈረንሻሉ እስከ ልኩ የተሞላ ከሆነ፣ ከሚጨመረው ቅመም ጋራ እኩል የሆነ ዘይት አስቀድሞ ይቀዳለት። ቅመሙ ቀድሞ የተቀላቀለበት ዘይት ከገባ ግን ተጨማሪ ቅመም አያስፈልግም። ቅመም በበዛ ቍጥር ይሻላል ማለትም ስሕተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ቅመም ዲስኮቹን አለመጠን ስለሚያለሰልስ ዲፈረንሻሉ የመግታት ኀይሉን አጥቶ መኪናው በጭቃ ላይ እንደ ተራው ይሆናል።

ቀጥሎ መኪናው ወደ ሰፊ ሜዳ ተወስዶ የ8 ቍጥርን መልክ እየሠራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ በዝግታ ዐሥር ጊዜ ያህል ይንዳ። ይህ የሚደረገው ለጨዋታ አይደለም፤ አሮጌው ዘይት ከዲስኮቹ መካከል ወጥቶ አዲሱ እንዲገባ ነው። ድምፁ ወዲያው ባይጠፋም፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ሥራው በደኅና መንገድ ላይ ነው።

የገባው ዘይት ከነአካቴው የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ ፈስሶ ትክክለኛው ይግባ። ከዚህ ላይ መካኒኩ አንድ ሥርዐት ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ይኸውም የማፍሰሻውን ብሎን ከመፍታቱ በፊት የመሙያውን ብሎን ፈትቶ ማየት ነው። የመሙያው ብሎን ዝጎ እምቢ ቢል፣ ዘይቱን አስቀድሞ ያፈሰሰ ሰው መኪናውን ባዶውን ያስቀረዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። የፈሰሰውም ዘይት በዕቃ ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይጣል።

7ኛ/ መፍታት የሚያስፈልግበት ጊዜ

ትክክለኛው ዘይትና ቅመም ገብቶ፣ መኪናውም ከላይ እንደ ተነገረው ከተነዳ በኋላ ድምፁ ሳይቀንስ ከቀረ፣ ዲስኮቹ ተቃጥለው ወይም አልቀው ይሆናልና ዲፈረንሻሉ ቢፈታ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኋላ ጎማዎቹ ይታዩ። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ፣ ወይም መጠናቸው የተለያየ ከሆነ፣ በቀጥታ መንገድም ሳይቀር ዲስኮቹ ያለ ዕረፍት ስለሚፋተጉ ይቃጠላሉ። ጎማዎቹ ሳይስተካከሉ ዲስክ ብቻ ቢለወጥ አዲሱም ብዙ አይቆይም።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ደግሞ የዘይት ሙከራ ሳይጠበቅ መኪናው ወዲያው መቆም አለበት፤ እነርሱም በማግኔቱ ላይ የብረት ስብርባሪ መገኘቱ፣ በቀጥታ መንገድ የመፋጨት ድምፅ መሰማቱና እየባሰ መሄዱ፣ የዲፈረንሻሉ ቤት ከልክ በላይ ግሎ የቃጠሎ ሽታ ማምጣቱ፣ ወይም ጎማው ሲሄድ በድንገት ያዝ ማድረጉ ናቸው። በሊማሊሞ ወይም በዓባይ ሸለቆ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የኋላ ጎማ በድንገት ቢያዝ፣ የሚጠፋው የዲፈረንሻል ዋጋ ብቻ አይሆንም።

8ኛ/ የሾፌሩና የኀላፊው ድርሻ

ይህ ሁሉ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ትንሽ ጉድለት ነው፤ ይኸውም የገባው ዘይት ዐይነት በጽሑፍ አለመያዙ ነው። ሾፌር ይቀየራል፤ መካኒክም ይቀየራል፤ መኪናው ግን ይኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ቢይዝ፣ በእርሱም ላይ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ በቈጣሪው ላይ የተነበበው ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ዐይነትና ቍጥር፣ የገባው መጠን፣ ቅመም መጨመሩና አለመጨመሩ፣ የሠራውም ሰው ፊርማ ቢጻፍ፣ ድምፅ በተሰማ ጊዜ መልሱ ከመዝገቡ ይገኛል።

የዲፈረንሻል መለዋወጫ እንዲገዛ የሚጠየቅ ኀላፊም መካኒክ መሆን አያስፈልገውም፤ ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይበቃዋል። ድምፁ የሚሰማው ሲታጠፍ ብቻ ነውን? የገባው ዘይት የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ነውን? በማግኔቱ ላይ ምን ተገኘ? ቅመም ተጨምሮ ተሞክሯልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ሳይሰጥ የሚቀርብ የግዢ ጥያቄ ገና ያልበሰለ ነው። ግልጽ መልስ ተሰጥቶበት የሚቀርበውን ደግሞ ማዘግየት አይገባም፤ የተሰበረ ጥርስ በማባበል አይጠገንምና።